ሃድሰንን በባለሸራ ጀልባ ቁልቁል መውረድ፦ ከዋተርፎርድ ሎኮች እስከ ኒውዮርክ ወደብ

የሃድሰን ወንዝ ከትሮይ ከተማ በታች በቀን አራት ጊዜ ያህል አቅጣጫውን ይቀይራል። ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚያ ቀጥ ይልና ወደ መጣበት መመለስ ይጀምራል። ነባሮቹ ማሂካኖች ማሂካንቱክ ብለውታል፤ ብዙ ጊዜ «በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈስ ወንዝ» ተብሎ ይተረጎማል። ከውቅያኖስ 150 ማይል ያህል ርቆ፣ ውኃው ፍጹም ጨው አልባ በሆነበት ቦታ እንኳ የባሕሩ ሙላት ይደርሳል።

ይህን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሎኮቹ፣ ማለትም ጀልባን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉት የቦይ ገንዳዎች ነው። ሎክ ግን በአንድ ቀን ይለመዳል። የውኃውን ሰዓት ያላወቀ ሰው ነው ቀኑን ሙሉ ሞተር እያስጮኸ አንድ ድልድይ ሲመለከት የሚውለው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ብዙውን ቦታ ለሰዓቱ ይሰጣል።

ለመግባባት ያህል፦ ውኃው ከባሕር ወደ ላይ ሲመጣ «ሙላት»፣ ወደ ባሕር ሲመለስ «ሽሽት»፣ በመሃል የሚቆምበትን አጭር ጊዜ «ርጋታ» እላለሁ።

መጀመሪያ ምሰሶው ይውረድ

ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ እንደቆመ ወደ ሃድሰን የሚያስገባውን ቦይ ማለፍ አይቻልም። በኢሪ ቦይ ምሥራቃዊ ክፍል ድልድዮቹ ከውኃው የሚርቁት 21 ጫማ (6.4 ሜትር) ያህል ብቻ ነው። ከሻምፕሌን ሐይቅ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ 15.5 ጫማ (4.7 ሜትር) ብላችሁ አቅዱ። ዝናብ ከጣለ ውኃው ከፍ ይላል፤ ከድልድዩ በታች ያለው ክፍተትም በዚያው ልክ ይጠባል።

ምሰሶ የሚወርደው ክሬን ባለው ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ነው። ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ክሬኑ ተራ ይዞ እየጠበቃችሁ ምሰሶውን የወጠሩትን ሽቦዎች መፍታት አይገባም፤ በዋዜማው የሚፈታውን ፈትታችሁ እደሩ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊት በቴፕ ምልክት አድርጉበት። «ግራ ፊት»፣ «ቀኝ ኋላ» ብላችሁ ጻፉ። ማስወጠሪያዎቹ ምን ያህል ጠብቀው እንደነበር ፎቶ አንሱ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ሽቦ አንድ ይመስላል።

ምሰሶው ጀልባዋ ላይ የሚተኛው በእንጨት ድጋፎች ነው። ሦስት ድጋፍ ያስፈልጋል፦ ፊት፣ መሃል፣ ኋላ። ድጋፎቹን በደንብ እሰሩ፤ በጎን የሚመጣ የሌላ ጀልባ ማዕበል ምሰሶውን እንደ ሚዛን ያወዛውዘዋል። የተኛው ምሰሶ ጫፍ በሰው ፊት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጣውን ጫፍ ቀይ ጨርቅ አስሩበት። ሎክ ውስጥ ስትዞሩ መጀመሪያ ግድግዳውን የሚመታው ይኸው ጫፍ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የቪኤችኤፍ ሬዲዮው አንቴና ያለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ነው። ምሰሶው ሲወርድ ሬዲዮውም አብሮ ይደነቁራል። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወይም ጊዜያዊ አንቴና ኋላ ላይ ትከሉ። የምሰሶው መብራትም እንዲሁ ነው፤ ለመሸ ሰዓት ምትክ መብራት ይኑራችሁ።

ምሰሶውን መልሶ ለማቆም ብዙዎች የሚመርጡት ካትስኪል የተባለችውን የወንዝ ዳር መንደር ነው። ከአልባኒ በታች ያሉት ቋሚ ድልድዮች 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላቸው ከዚያ በኋላ ምሰሶ ችግር አይሆንም።

ሎክ ውስጥ እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይወረዳል?

ሎክ ማለት በሁለት በሮች መካከል ያለ ትልቅ የኮንክሪት ገንዳ ነው። ወደ ታች ስትሄዱ ገንዳው ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ትገባላችሁ፣ ከኋላችሁ ያለው በር ይዘጋል፣ ከገንዳው ሥር ያሉት የውኃ መውጫዎች ይከፈታሉ፣ ውኃው ይወጣል። ፓምፕ የለም። ውኃውን የሚያስወጣው የራሱ ክብደት ነው። ገንዳው ከታችኛው ውኃ ጋር ሲስተካከል የፊቱ በር ይከፈታል።

ዋተርፎርድ ላይ አምስት ሎኮች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከቁጥር 6 እስከ ቁጥር 2። በአንድ ማይል ተኩል ውስጥ 169 ጫማ (51 ሜትር) ያህል ያወርዷችኋል። እያንዳንዱ ሎክ በግምት 10 ሜትር ነው። «ቁጥር 1 የት ሄደ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በኢሪ ቦይ ቁጥር 1 የሚባል ሎክ የለም፤ የእሱን ቦታ የያዘው ከዚያ በታች ትሮይ ላይ ያለው የፌዴራል ሎክ ነው። አምስቱን ጀምራችሁ መሃል ላይ ለማደር አታስቡ። ጠጡ፣ ብሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ ከዚያ ጀምሩ። ሁለት ሰዓት ያህል መድቡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ከመድረሳችሁ በፊት በሁለቱም ጎን ፌንደር አውርዱ። ፌንደር ማለት ጀልባዋን ከግድግዳ የሚያድኑት በአየር የተነፉ ትራሶች ናቸው። የትኛው ጎን ግድግዳውን እንደሚነካ የሚወስነው ነፋሱና የሎኩ ሠራተኛ ስለሆነ ሁለቱንም ጎን አዘጋጁ። የሎክ ግድግዳ ሸካራና ቆሻሻ ነው፤ ከፌንደሩ ውጭ በኩል አንድ ረጅም ጣውላ ብታንጠለጥሉ ፌንደሩ አይንከባለልም።

በሬዲዮ ቻናል 13 ሎኩን ጥሩ። የጀልባዋን ስም፣ ወዴት እንደምትሄዱ፣ ምን ያህል እንደቀረባችሁ ተናገሩ። አጭር ይሁን። አረንጓዴ መብራት ሳታዩ አትግቡ።

በጣም ቀስ ብላችሁ ግቡ። ግድግዳው ላይ ከላይ የተንጠለጠሉ ገመዶች፣ ወይም ከላይ እስከ ታች የተወጠሩ ኬብሎችና ቧንቧዎች ታያላችሁ። አንድ ሰው ፊት፣ አንድ ሰው ኋላ ይቁም። መጀመሪያ የኋላው ይያዝ፤ የኋላው ከተያዘ ጀልባዋ ትቆማለች። ፊቱ ቀድሞ ከተያዘ ግን ኋላዋ ወደ መሃል ትዞራለች።

ከላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ከሆነ የያዛችሁት፣ በጀልባዋ የማሰሪያ ብረት ላይ አንድ ዙር አዙሩና ጫፉን በእጃችሁ ያዙ። ኬብል ከሆነ የራሳችሁን ገመድ በኬብሉ ዙሪያ አሳልፋችሁ ጫፉን መልሳችሁ ያዙ፤ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ሞተሩን ከማርሽ አውጡ።

አሁን ዋናው ነገር። ገመዱን አትቋጩ። ውኃው ሲወርድ ጀልባዋም ትወርዳለች። የተቋጨ ገመድ አይወርድም። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ግድግዳው ላይ ትሰቀላለች፤ ያን ጊዜ ቋጠሮ መፍታት አይቻልም፣ ክብደቷ ሁሉ ገመዱ ላይ ነውና። ቢላዋ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ጣት በገመድና በብረት መካከል አይግባ። ጓንት አድርጉ፤ የሎክ ገመድ በአልጌ የተለወሰ ነው።

የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። መውረድ ከመውጣት እጅግ ይቀላል። ወደ ላይ ስትወጡ ውኃው ከሥር እየፈላ ይገባል፣ ጀልባዋን ያንገላታታል። ስትወርዱ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ዝቅ ይላል። ግድግዳው ከራስ በላይ ያድጋል፣ ድምፅ ያስተጋባል፣ ከዚያ በሩ ይከፈትና ብርሃን ይገባል። ልጆች ካሏችሁ ይህን ያዩ። ላይፍ ጃኬታቸውን ግን ያድርጉ፤ በኒውዮርክ ግዛት እንደዚህ ባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግዴታ ነው። እናንተም አድርጉ።

የመጨረሻው የትሮይ ሎክ ነው። የታችኛው በሩ ሲከፈት የምትወጡት ወደ ባሕር ሙላት ነው። በዚያ ሎክ የምትወርዱት ልክ ራሱ እንደ ሰዓቱ ይለያያል፤ ታች ያለው ውኃ ከፍና ዝቅ ይላልና።

ሰዓቱን ማንበብ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የባሕር ሙላት ወንዙን እንደ አንድ ረጅም ሞገድ ሽቅብ ይወጣል። ማንሃታን ጫፍ፣ ባተሪ የሚባለው ቦታ ላይ ይጀምርና ትሮይ ለመድረስ 9 ወይም 10 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት ወደ 16 ማይል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት ወንዙ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። እናንተ ያላችሁበት ውኃ እየሸሸ ሳለ ታች ያለው ቀድሞ መሙላት ጀምሯል።

ይህ ለወራጅ መጥፎ ዜና ነው። በአንድ ቦታ ቆሞ የሚያይ ሰው ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲቆይ ያያል። እናንተ ግን እየወረዳችሁ ነው፤ ሙላቱ ደግሞ እየወጣ ነው። መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ። ሒሳቡን እንሥራው። ጀልባችሁ በሰዓት 6 ማይል ትሄዳለች እንበል። ሽሽቱ 1 ማይል ይጨምርላታል፤ 7 ሆነ። ሙላቱ በ16 እየመጣ ነው። ሽሽቱ ልክ ሲጀምር ብትነሱ ከሙላቱ ጋር የምትገናኙት 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። በዚያ ጊዜ 30 ማይል ያህል ትሄዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ይቃወማችኋል፤ ፍጥነታችሁ ከ7 ወደ 5 ይወርዳል።

ወደ ላይ የሚሄድ ሰው በተቃራኒው ዕድለኛ ነው። ከሙላቱ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ በዚሁ ሒሳብ አሥር ሰዓት አልፎም ሊገፋለት ይችላል። ወራጅ ሆናችሁ «ወንዝ ቁልቁል ስለሚፈስ ለእኛ ይቀላል» ብላችሁ ከተነሣችሁ ከሰዓት በኋላ ላይ ታዝናላችሁ።

የላይኛው ክፍል ትንሽ ይክሳል። ከትሮይ እስከ ካትስኪል ባለው ክፍል የወንዙ የራሱ ውኃ ስለሚጨመርበት ሽሽቱ ይረዝማል፣ ሙላቱ ይደክማል። በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በዚያው ወቅት ግን ግንዶች ይንሳፈፋሉ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይመልከት።

ሁለተኛው ወጥመድ ሠንጠረዡ ነው። የሙላት ሠንጠረዥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውኃው መቼ ከፍና ዝቅ እንደሚል ይነግራል። ሌላው ውኃው መቼ እንደሚዞርና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይነግራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ይነሣል። በሃድሰን ላይ ግን ውኃው ከፍታው ጫፍ ከደረሰ በኋላም ሽቅብ መሄዱን ይቀጥላል፤ የሚዞረው ዘግይቶ ነው፣ መዘግየቱም በሰዓታት ሊቆጠር ይችላል። ለመጓዝ የሚያስፈልጋችሁ ሁለተኛው፣ የጅረቱ (የውኃው ፍሰት) ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካው ኖአ የተባለው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም በነፃ ያወጣል። የምታልፉባቸውን ቦታዎች የርጋታ ሰዓት በወረቀት ጻፉና መሪው አጠገብ ለጥፉ። የከፍታውን ሠንጠረዥ ለመልሕቅና ለጥልቀት አስቀምጡት። ባተሪና ትሮይ ላይ በውኃው ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለው ልዩነት 1.4 ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ፣ ዌስት ፖይንት አካባቢ፣ ከአንድ ሜትር በታች ነው።

ወረቀቱ ከሚለው ጋር ዓይናችሁም ይሥራ። በመንገዳችሁ ያሉትን ተንሳፋፊ ምልክቶች እዩ። ወደ የት አዘንብለዋል? ከየትኛው ጎናቸው ነው ውኃው የሚሰነጠቀው? እነሱ አይዋሹም።

ቀኑን መከፋፈል

ከባተሪ ያላቸውን ርቀት በግምት ልስጣችሁ፦ ካትስኪል ከ110 ማይል ትንሽ በላይ፣ ኪንግስተን 90፣ ፖኪፕሲ 75፣ ኒውበርግ 60፣ ዌስት ፖይንት 50። አንድ ሽሽት 30 ማይል ካስኬደ ካትስኪል ላይ ምሰሶውን ካቆማችሁ በኋላ አራት ቀን ያምራል። ሦስት ቀንም ይቻላል፤ ግን ለምን? ሃድሰን በችኮላ የሚታይ ወንዝ አይደለም።

ሽሽቱ ጎህ ሲቀድ የሚጀምርበትን ሳምንት ከመረጣችሁ ተባረካችሁ። ጠዋት ነፋሱ ያርፋል፣ ከሰዓት በኋላ በበጋ ከደቡብ ይነሣል። ደቡብ ማለት ፊት ለፊታችሁ ነው። ነፋስ ወደ ላይ፣ ጅረት ወደ ታች ሲሆን ደግሞ ውኃው አጫጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያነሣል፤ ጀልባዋ እየዘለለች ትቆማለች። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ሰኞ ጥሩ የነበረው ሰዓት ዓርብ ላይ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ታገኙታላችሁ።

ከኪንግስተን በታች ኢሶፐስ ሜዶውስ የሚባል መብራት ቤት ውኃ መሃል ቆሞ ታያላችሁ። ከእሱ በስተምዕራብ ያለው ሰፊ ውኃ ያታልላል፤ ጥልቀት የለውም። በምሥራቁ በኩል እለፉ። ቀለሞቹንም አስታውሱ፦ ወደ ባሕር ስትወርዱ ቀዩ ምልክት በግራችሁ፣ አረንጓዴው በቀኛችሁ ነው።

ጥልቀቱ በሚያጠራጥር ቦታ መግባት የግድ ከሆነ በሚሞላ ውኃ ግቡ። በሙላት ጭቃ የነካ ጀልባ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሣል። በሽሽት የነካ ግን በርካታ ሰዓት እዚያው ይቀመጣል፣ ያውም አዘንብሎ።

መጠጋትና መልሕቅ መጣል

ወደ ማሪና ስትጠጉ ሁልጊዜ ጅረቱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ተጠጉ። ነፋሱ በሌላ በኩል ቢሆንም በአብዛኛው ጅረቱ ያሸንፋል፤ ባለሸራ ጀልባ ከውኃ በታች ያላት አካል ከባድ ነው። ጅረቱን ፊት ለፊት ከያዛችሁ ሞተሩ እየሠራ መሬት አንጻር ቀጥ ብላችሁ መቆም ትችላላችሁ። መሪውም ይታዘዛል። ጅረቱ ከኋላ ከሆነ ግን ለመቆም ስትሉ መሪው ይሞታል። ወደ ታች እየሄዳችሁ ከነበረ አልፋችሁት ዙሩና ተመለሱ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከተቻለ ደግሞ የርጋታውን ሰዓት ጠብቁ።

ማሰሪያው ተንሳፋፊ ከሆነ ከውኃው ጋር ስለሚነሣና ስለሚወርድ አታስቡ። ቋሚ ግንብ ወይም ግንድ ከሆነ ገመዱ ረጅም ይሁን፤ ውኃው 1.4 ሜትር ሲወርድ እንዳትሰቀሉ።

መልሕቅ ስትጥሉ ሌሊቱን ጅረቱ እንደሚዞር አስቡ። ጀልባዋም ትዞራለች፣ መልሕቁም በተቃራኒው ይጎተታል። በሙላት ጊዜ ያለውን ጥልቀት ለኩ፣ ከውኃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን ጨምሩ፣ የድምሩን ሰባት እጥፍ ገመድ ልቀቁ። ሰንሰለት ብቻ ከሆነ አምስት እጥፍ ይበቃል። ከዚያ በክብ ስትዞሩ በሽሽቱ ጊዜ ምን እንደሚነካችሁ አስሉ። ከመርከቦች መንገድ ራቁ፣ መብራት አብሩ። ሌላው ሕግ አጭር ነው፦ የሽንት ቤት ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ አይለቀቅም። ከዚህ ወንዝ የሚጠጡ ከተሞች አሉ፤ ፖኪፕሲ አንዷ ናት።

ትላልቆቹና ተራራው

እስከ አልባኒ ድረስ የውቅያኖስ መርከብ ይወጣል። ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) የሚገፉና የሚጎትቱ ጀልባዎችም ሌት ተቀን ይሠራሉ። እነሱ ከጠለቀው መንገድ መውጣት አይችሉም፤ እናንተ ትችላላችሁ። ስለዚህ ጠርዝ ይዛችሁ ሂዱ። በቻናል 13 «በየት በኩል ልለፍ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካፒቴኖቹ የሚጠይቃቸውን ይወዳሉ። በጎታችና በሚጎተተው ባርጅ መካከል በፍጹም አትለፉ። በመካከላቸው ውኃ ውስጥ የተወጠረ ሽቦ አለ።

ከኒውበርግ በታች ወንዙ ተራሮች መካከል ይገባል። ስቶርም ኪንግ ተራራ ሥር ነፋሱ ድንገት ከላይ ይወርዳል። ሸራችሁን ከመድረሳችሁ በፊት ቀንሱ። ዌስት ፖይንት ላይ ወንዙ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። እዚያ ያለው ዎርልድስ ኤንድ የሚባል ቦታ 60 ሜትር ያህል ይጠልቃል። በ1778 አሜሪካውያኑ የእንግሊዝን መርከቦች ለመከልከል ትልቁን የብረት ሰንሰለት የዘረጉት እዚህ ነው። ምክንያቱ ለእናንተም ይጠቅማል፦ ባለሸራ መርከብ በዚህ መታጠፊያ ፍጥነቷን ታጣለች። ነፋሱ በአንድ ጊዜ ከጎን ወደ ፊት ይዞራል፣ ጅረቱ ደግሞ ወደ ጥጉ ይገፋል። ሞተሩን አስነሥታችሁ እለፉ። ከእጥፋቱ ጀርባ ምን እየመጣ እንደሆነም አይታይም፤ ከመታጠፋችሁ በፊት በሬዲዮ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ሃቨርስትሮ ቤይ ይሰፋል፤ ከዳር እስከ ዳር ከሦስት ማይል በላይ ነው። ሐይቅ ይመስላል። ከመንገዱ ውጭ ግን ጥልቀቱ ትንሽ ነው።

ወደብ ውስጥ

የመጨረሻውን ቀን ከባተሪ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አቅዱት። ማንሃታን አጠገብ ጅረቱ 2 ኖት (በሰዓት 2.3 ማይል ያህል) ሊደርስ ይችላል። ጀልባዎቹ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት ፌሪዎች ከየማሰሪያው በፍጥነት ይወጣሉ፣ የሚተዉት ማዕበልም ከግንቡ ይመለሳል። ዕቃችሁን ሁሉ እሰሩ፣ መስኮት ዝጉ። ከተማዋን ማየት ያጓጓል። መሪውን የያዘው ሰው ግን ከተማዋን አይመልከት፤ ሌላው ይንገረው።

ወደ ውቅያኖስ ለመቀጠል ካሰባችሁ ሳንዲ ሁክ እስከሚባለው ቦታ ሌላ 15 ማይል ያህል አለ። በቬራዛኖ ድልድይ ሥር የምታልፉት ከሽሽቱ ጋር ይሁን። ደቡብ ነፋስ ከበረታ ግን የሽሽቱ መጨረሻ እስኪደርስ ጠብቁ፤ በዚያ ጠባብ በር ላይ ነፋስና ጅረት ሲጋጩ ውኃው ክፉ ይሆናል። ሳንዲ ሁክ ስትደርሱ ከመሬቱ ምላስ በስተጀርባ፣ በምዕራቡ በኩል መልሕቅ ጣሉ። ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ጎትታችሁ መያዙን አረጋግጡ፣ በመሬት ላይ ሁለት ምልክት ምረጡና ውኃው ከዞረ በኋላ አንድ ጊዜ ተነሥታችሁ እዩዋቸው።